ከሌዘር ፕላዝማ የሚያመልጡ ኤሌክትሮኖችን በምን እንለካ? የመሣሪያ መምረጫ ንጽጽር

ሌዘሩ ብረቱን መታ። የብረቱ ገጽ ተነነ፣ ትነቱ ጋለ፣ አተሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን ለቀቁ። ፕላዝማ ተፈጠረ። ከዚህ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ኤሌክትሮኖች እጅግ ቀላል ስለሆኑ ቀድመው ይወጣሉ። አዮኖቹ ከባድ ናቸው፤ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ግን የሸሹትን ዝም ብለው አያዩም። በኤሌክትሪክ ስበት መልሰው ይጎትቷቸዋል። አብዛኞቹ ይመለሳሉ። የሚያመልጡት ጥቂቶች ናቸው።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው በምክንያት ነው። ከሌዘር ፕላዝማ የወጣ ኤሌክትሮን ለካሁ የሚል ሰው ሁሉ የለካው ያመለጡትን ነው። ካመለጡትም ውስጥ መሣሪያው ሊያያቸው የሚችለውን ብቻ። ስታዲየም ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ በአንድ በር የወጡትን ቆጥሮ እንደመገመት ነው። በሩ የትኛው ነው? ቆጣሪው ልጆችን ይቆጥራል? እየሮጡ የወጡትንስ ያያል? መሣሪያ ስትመርጡ በር እየመረጣችሁ ነው።

ስለዚህ “የቱ ይሻላል?” ተብዬ ስጠየቅ እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ሌዘራችሁ ምን ዓይነት ነው? በሰከንድ ስንቴ ይተኩሳል? ማወቅ የምትፈልጉትስ ብዛታቸውን ነው፣ ጉልበታቸውን ነው ወይስ አቅጣጫቸውን? እነዚህን ሦስቱን ሳይመልሱ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

መጀመሪያ ሌዘራችሁን እወቁ

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኘው ሌዘር ኤንዲ ያግ የሚባለው ነው። የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር ነው፤ ምቱ ጥቂት ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ይቆያል። በሌንስ ሲሰበሰብ ብዙውን ጊዜ ከ10⁸ እስከ 10¹⁰ ዋት በካሬ ሴንቲሜትር ጥንካሬ ይሰጣል። እዚህ የሚፈጠረው ፕላዝማ ሙቀቱ፣ በቅንጣት ጉልበት መለኪያ ሲነገር፣ ከአንድ እስከ ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን 1 ኤሌክትሮን ቮልት ወደ 11,600 ኬልቪን ነው። የፀሐይን ገጽ ሁለት እጥፍ ያህል ይግላል።

ሌላው ዓለም የአጭር ምት ሌዘሮች ዓለም ነው። ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ በ1985 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ምቱን በጊዜ አስረዝሞ፣ ከዚያ አጉልቶ፣ በመጨረሻም መልሶ የመጭመቅን ዘዴ አሳዩ። በ2018 የፊዚክስ ኖቤልን ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች ሁለቱ እነሱ ናቸው። ጥንካሬው 10¹⁸ ዋት በካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ሲደርስ ኤሌክትሮኑ በብርሃኑ መስክ ውስጥ ሲወዛወዝ ወደ ብርሃን ፍጥነት ይጠጋል። ከዚያ በላይ ጉልበቱ በሜጋ (በሚሊዮን) ኤሌክትሮን ቮልት መቆጠር ይጀምራል።

ሦስተኛው ዒላማው ብረት ሳይሆን ጋዝ ሲሆን ነው። ቶሺኪ ታጂማና ጆን ዳውሰን በ1979 አንድ ድንቅ ሐሳብ አቀረቡ። ሌዘር በፕላዝማ ውስጥ ሲያልፍ ጀልባ ውሃ ላይ እንደምታደርገው ከኋላው ማዕበል ይተዋል። ኤሌክትሮን ያን ማዕበል እየጋለበ ጉልበት ያገኛል። በ2004 በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ የሚሠሩ ሦስት ቡድኖች በ100 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ፣ ጉልበታቸው የተቀራረበ ኤሌክትሮኖች ያሉበት ጨረር አሳዩ። በ2019 ደግሞ በአሜሪካ በበርክሌይ ያለው ቤላ የተባለው ሌዘር በ20 ሴንቲሜትር ፕላዝማ ውስጥ 7.8 ጊጋ (ቢሊዮን) ኤሌክትሮን ቮልት ደረሰ።

ከ1 ኤሌክትሮን ቮልት እስከ 7.8 ጊጋ። ወደ ስምንት ቢሊዮን እጥፍ ልዩነት ነው። ይህን ሁሉ የሚለካ አንድ ዕቃ የለም።

የፋራዳይ ኩባያ፦ ርካሽ ነው፣ ግን ያታልላል

ሐሳቡ ከቡና ሲኒ አይከብድም። ጥልቀት ያለው የብረት ኩባያ ነው። ኤሌክትሮን ይገባል፣ ኩባያው ይይዘዋል፣ ቻርጁ በኬብል ወደ ኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም ቮልቴጅ በጊዜ ሲለዋወጥ ወደሚያሳየው መሣሪያ፣ ይሄዳል። መዳብ ወይም ግራፋይት ይዛችሁ ቶርኖ ቤት ብትሄዱ ይሠራላችኋል።

ሒሳቡም ቀላል ነው። ኦሲሎስኮፑ በ50 ኦም መግቢያው ላይ 1 ቮልት ለ10 ናኖሰከንድ አሳየ እንበል። ጅረቱ 20 ሚሊአምፔር ነው። በ10 ናኖሰከንድ ሲባዛ 200 ፒኮኩሎምብ ይሆናል። ወደ 1.25 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ነው። በቃ፣ ቆጠራችሁ።

አሁን ወደ ማታለሉ እንምጣ። ኤሌክትሮን ብረት ሲመታ ሌሎች ኤሌክትሮኖችን ፈንቅሎ ያወጣል። እነዚህ ሁለተኛ ደረጃ ኤሌክትሮኖች ከኩባያው ሲወጡ ቆጠራችሁን ይቀንሱታል። ደግነቱ አብዛኞቹ ጉልበታቸው ከ50 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ነው። በኩባያው አፍ ላይ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ያለው ቀለበት ብታደርጉ ይመለሳሉ። ግን ልብ በሉ። የምትለኩት ኤሌክትሮን ራሱ ዝግተኛ ከሆነ ያው ቀለበት እሱንም ከበር ይመልሰዋል። እንዲህ ከሆነ ቀለበቱን ትታችሁ ኩባያውን ጠባብና ጥልቅ አድርጉት። አፉ ላይ ትንሽ ማግኔት ማድረግም ይረዳል፤ እሱም ቢሆን ዝግተኞቹን እንዳያጣምም መጠኑን አስቡበት።

ሁለተኛው ማታለያ ብርሃን ነው። ፕላዝማው አልትራቫዮሌት ይረጫል። ብርሃኑ ኩባያው ላይ ሲያርፍ ከብረቱ ኤሌክትሮን ያስወጣል። ኦሲሎስኮፑ ላይ ገና ማንም ሳይደርስ አንድ ፈጣን ምልክት ብቅ ይላል። ይህ ምልክት ፖዘቲቭ ነው፤ ምክንያቱም ኤሌክትሮን እየወጣ እንጂ እየገባ አይደለም። ቀጥሎ ኔጌቲቩ የኤሌክትሮን ምልክት ይመጣል። ዘግይተው ደግሞ አዮኖቹ ይደርሱና ምልክቱን እንደገና ወደ ፖዘቲቭ ይገለብጡታል። ይህን ቅደም ተከተል የማያውቅ ሰው ሁሉንም ደምሮ አንድ ቁጥር ያወጣል። ያ ቁጥር ምንም አይነግረውም።

ሦስተኛው ውፍረት ነው። ለዝግተኛ ኤሌክትሮን ስስ ብረት ይበቃል። ለ100 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ግን ስስ ኩባያ እንደ ወንፊት ነው፤ ያልፈዋል። ብዙ ሴንቲሜትር እርሳስ ያስፈልጋል። ፊት ለፊቱ ላይ ግራፋይት ብታደርጉ መልካም ነው፤ ቀላል አተም ያለው ነገር ኤሌክትሮንን ወደ ኋላ የመመለስ ጠባዩ አነስተኛ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም ለናኖሰከንድ ሌዘር መጀመሪያ የምመክረው ኩባያውን ነው። ብዛት ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ ከእሱ የቀለለ ነገር አላውቅም። ጉልበታቸውን ግን አይነግራችሁም። እሱን ከፈለጋችሁ ከፊቱ በየደረጃው ኔጌቲቭ ቮልቴጅ የሚሰጠው መረብ አድርጉ። 100 ቮልት ስትሰጡት ከ100 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ያላቸው ብቻ ያልፋሉ፣ 200 ስትሰጡት ከ200 በላይ ያላቸው፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። ለየደረጃው ብዙ ምት ይፈልጋል፤ እስከ ጥቂት ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ ግን ጥሩ ይሠራል።

የላንግሙየር ፕሮብ፦ ለሚፈሰው ፕላዝማ

ኧርቪንግ ላንግሙየር በ1920ዎቹ ያዳበረው ነው። “ፕላዝማ” የሚለውን ስም ለዚህ ነገር የሰጠውም እሱ ነው። ፕሮቡ ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ነው። ፕላዝማው ውስጥ ይገባል፣ ቮልቴጁ ይቀያየራል፣ ጅረቱ ይነበባል። ጅረቱ ከቮልቴጁ ጋር የሚያድግበት ፍጥነት የኤሌክትሮኖቹን ሙቀት ይሰጣችኋል።

ከኩባያው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኩባያው ያመለጡትን ይቆጥራል። ፕሮቡ ግን ከአዮኖቹ ጋር አብረው እየፈሰሱ ያሉትን ይጠይቃል። ሁለቱ የሚሰጧችሁ ቁጥር ባይገጥም አትደንግጡ። የጠየቋቸው ሰዎች የተለያዩ ናቸው።

ችግሩ ጊዜ ነው። ከናኖሰከንድ ሌዘር የሚወጣው ፕላዝማ በማይክሮሰከንድ 1 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይጓዛል። 5 ሴንቲሜትር ርቆ የተቀመጠ ፕሮብ ጋ በጥቂት ማይክሮሰከንድ ደርሶ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቮልቴጁን ከላይ እስከ ታች ማሽከርከር ከባድ ነው። ስለዚህ ሰዎች በአንድ ቮልቴጅ ይተኩሳሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ቮልቴጁን ቀይረው እንደገና ይተኩሳሉ። ኩርባው ከብዙ ምቶች ይገጣጠማል። ይህ የሚሠራው ሌዘሩ በየምቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ነው። ዒላማውንም በየጊዜው ማዞር አለባችሁ፤ አንድ ቦታ ሲደጋገም ጉድጓድ ይሆናል፣ ፕላዝማውም ጠባዩን ይለውጣል።

ለአጭር ምትና ለከፍተኛ ጥንካሬ ሌዘር ፕሮቡን እርሱት።

የጉዞ ጊዜ፦ እስከ ድንበሩ ድረስ

ኤሌክትሮኑ 1 ሜትር ለመጓዝ ስንት ጊዜ ወሰደበት? 100 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ወደ 169 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል። 10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው 17 ናኖሰከንድ ገደማ። እስከዚህ ድረስ ተራ ኦሲሎስኮፕ በደንብ ይለያቸዋል። መነሻ ሰዓቱን የምትይዙት ከሌዘሩ ራሱ ትንሽ ብርሃን ወደ ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር) ልካችሁ ነው። ኦሲሎስኮፑ ዘግይቶ የሚነሳ ከሆነ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል፤ ኤሌክትሮኖቹ አልፈዋል።

ከፍ ስንል ዘዴው ይሞታል። 1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለውና 10 ሜጋ ያለው በአንድ ሜትር ላይ የሚበላለጡት በ0.2 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። ሁለቱም በብርሃን ፍጥነት አካባቢ ስለሚሮጡ ጉልበት ሲጨምር ፍጥነት ብዙም አይጨምርም። ስለዚህ ድንበሩ ግልጽ ነው። ከጥቂት አስር ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች የጉዞ ጊዜ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ማግኔት ነው።

ማግኔት፦ ለፈጣኖቹ ሁነኛው መንገድ

በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ኤሌክትሮን ይታጠፋል። ዝግተኛው በጣም፣ ፈጣኑ በትንሹ። የት እንዳረፈ ካያችሁ ጉልበቱን አወቃችሁ። አምሮ የተሠራ ሐሳብ ነው፤ እኔ በግሌ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ሌሎቹ መሣሪያዎች አንድ ነገር እንደደረሰ ይነግሩኛል። ማግኔቱ ግን የደረሰው ኤሌክትሮን መሆኑንም ይነግረኛል። ፕሮቶን ወደ ሌላኛው ጎን ይታጠፋል። ኤክስሬይ ጭራሽ አይታጠፍም፤ ቀጥ ብሎ ያልፋል።

የማግኔቱን መጠን ለመምረጥ ጥቂት ቁጥሮች ይረዳሉ። 100 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ኤሌክትሮን በ0.01 ቴስላ ውስጥ በ11 ሴንቲሜትር ሬዲየስ ይታጠፋል። 1 ሜጋ ያለው በ0.1 ቴስላ ውስጥ በ4.7 ሴንቲሜትር። 100 ሜጋ ያለው በ1 ቴስላ ውስጥ በ33 ሴንቲሜትር ገደማ። 1 ጊጋ ያለው በዚያው 1 ቴስላ ውስጥ በ3.3 ሜትር። ከዚህ የምታዩት አንድ ነገር አለ። እስከ ጥቂት አስር ሜጋ ድረስ በእጅ የሚያዝ ቋሚ ማግኔት ይበቃል። ጊጋ ላይ ስትደርሱ ግን ማግኔቱ ራሱ ትልቅ ሥራ ይሆናል።

ሳትለኩ አትመኑት። የማግኔቱን መስክ በሆል ፕሮብ (መግነጢሳዊ መስክ በሚለካ መሣሪያ) ነጥብ በነጥብ ካርታ አውጡለት። መስኩ ጠርዙ ላይ ድንገት አያልቅም፤ ወደ ውጭ ይፈሳል። ዝግተኞቹን ኤሌክትሮኖች መንገድ የሚያስተው ይህ የፈሰሰው መስክ ነው።

የማግኔቱ ትልቁ ድክመት በሩ መጥበቡ ነው። ከፊቱ ትንሽ ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ የተለያየ ጉልበት ያላቸው ይደራረባሉ። ግን አስቡት። ከዒላማው 50 ሴንቲሜትር ርቃ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ የምታየው ከሙሉው ዙሪያ ከአራት ሚሊዮን አንዱን ነው። ኤሌክትሮኖቹ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይወጡም። አንዳንዶቹ የሌዘሩን አቅጣጫ ይከተላሉ፣ አንዳንዶቹ ለዒላማው ገጽ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ያን ከአራት ሚሊዮን አንዱን በአራት ሚሊዮን አባዝቶ ጠቅላላ ብዛት ማውጣት ትልቅ ስህተት ነው። በዒላማው ዙሪያ አቅጣጫ የሚያሳይ ሌላ ነገር መኖር አለበት።

ከማግኔቱ ኋላ ምን ይቀመጥ?

እዚህ ላይ ነው ሰው ብዙ የሚከራከረው። ሦስት ምርጫ አለ፤ ኢሜጅ ፕሌት፣ ላኔክስ እና ቀለም የሚቀይር ፊልም።

ኢሜጅ ፕሌትን ሳታውቁት አይታችሁት ይሆናል። በብዙ የራጅ ክፍሎች ካሴት ውስጥ የሚገባው ሰሌዳ ነው። የባሪየም ውሁድ ላይ ጥቂት ዩሮፒየም የተጨመረበት ፎስፈር፣ ማለትም ጉልበት ተቀብሎ ብርሃን የሚሰጥ ነገር፣ ነው። ኤሌክትሮን ሲመታው ጉልበቱን ውስጡ ያስቀምጣል። በኋላ በቀይ ሌዘር ሲነካ ያስቀመጠውን በሰማያዊ ብርሃን ይለቃል። ከጥቂት ኤሌክትሮን ጀምሮ እስከ እጅግ ብዙ ድረስ ይመዘግባል። በነጭ ብርሃን ታጥቦ ደግሞ ያገለግላል። ከሁሉ በላይ ሽቦ የለውም። ስለ ሽቦው ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ጉድለቱ መርሳቱ ነው። የያዘው ምልክት በተለይ በመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች በፍጥነት ይቀንሳል። ዛሬ ከተተኮሰ በ15 ደቂቃ፣ ነገ ደግሞ በ40 ደቂቃ ካነበባችሁ ቁጥሮቻችሁ አይወዳደሩም። ከተኩስ እስከ ንባብ ያለውን ደቂቃ በየምቱ ጻፉ። አንድ ቋሚ ጊዜ ብትወስኑ ደግሞ የተሻለ ነው። ለማንበብም ፕሌቱን ከቫኪዩም ማውጣት ስለሚጠይቅ በሰዓት ጥቂት ምት ብቻ ለሚተኩስ ሌዘር ነው የሚመቸው።

ላኔክስ የተለየ ጠባይ አለው። ጋዶሊኒየም ላይ ተርቢየም የተጨመረበት ስክሪን ነው። ድሮ በፊልም ራጅ ካሴት ውስጥ ፊልሙን ለማገዝ ይገባ ነበር። ኤሌክትሮን ሲመታው ወዲያው አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፣ 545 ናኖሜትር ላይ። ካሜራ ታያይዙበታላችሁ፣ በየምቱ ምስሉን ታያላችሁ። ቫኪዩሙን መክፈት የለም። ሌዘሩ በሰከንድ አንዴ ወይም አሥር ጊዜ የሚተኩስ ከሆነ ሌላ ምርጫ አታስቡ። ሌዘሩን እያስተካከሉ ውጤቱን በዚያው ማየት ሥራውን ሁሉ ይለውጠዋል።

ግን ላኔክስ የሚሰጣችሁ ብርሃን እንጂ የኤሌክትሮን ቁጥር አይደለም። ካሜራው በምን አንግል ነው? ሌንሱ ምን ያህል ይከፈታል? ሁሉም ይገባበታል። በጀርመን ድሬስደን አጠገብ ኤልቤ በሚባለው አክስለሬተር (ቅንጣቶችን በሚያፋጥን መሣሪያ) ላይ ቻርጁ በሚታወቅ ጨረር የተለኩ ስክሪኖች ውጤት በ2010 ታትሟል። ብዙ ቡድኖች ስክሪናቸውን ወደ ቁጥር የሚቀይሩት በእንዲህ ያለ ልኬት ላይ ተመሥርተው ነው። ከስክሪኑ ፊት የአሉሚኒየም ፎይል፣ ከካሜራው ፊት ደግሞ ከአረንጓዴ በቀር የማያሳልፍ ማጣሪያ አድርጉ። አለዚያ የሌዘሩን ብርሃን እየቆጠራችሁ ነው።

ፊልሙ ለጨረር ሕክምና ልክ ቁጥጥር የሚውለው ነው። ጨረር ሲያገኘው ያለ ምንም ማጠቢያ ቀለሙን ይቀይራል። ብዙ መጠን ይፈልጋል፤ ለጥቂት ኤሌክትሮን ደንቆሮ ነው። ቀለሙም ለሰዓታት እየጠቆረ ስለሚቀጥል የሚነበበው በማግስቱ ነው። ከማግኔት ኋላ አልመክረውም። በዒላማው ዙሪያ ጠቅልሎ የጨረሩን ቅርጽ ለማየት ግን ደስ ይላል።

ጨረሩን ሳይነኩ መቁጠር

ከጋዝ የሚወጣው ጨረር ጠባብና አጭር ስለሆነ በቀለበት ውስጥ ማሳለፍ ይቻላል። ቀለበቱ ኢንተግሬቲንግ ከረንት ትራንስፎርመር ይባላል። ጨረሩን አይነካም፤ ሲያልፍ ቻርጁን ያነባል። የበርክሌይ ተመራማሪዎች በ2011 ይህን ቀለበት ከላኔክስና ከኒውክለር አክቲቬሽን (ጨረሩ በአንድ ነገር ውስጥ የፈጠረውን ራዲዮአክቲቭነት ከሚለካው ዘዴ) ጋር አወዳድረው ሦስቱ በጥሩ ሁኔታ እንደሚስማሙ አሳይተዋል። ይህን ያገኙት ቀለበቱን ከኤሌክትሪክ ረብሻ በጥንቃቄ ከጠበቁ በኋላ ነው። ቀለበቱ ጉልበት አይለይም፣ ያለፈውን ሁሉ ይደምራል። ስለዚህ ከማግኔቱ ጋር እንጂ በማግኔቱ ፈንታ አይገባም።

ስለ ሽቦው

ያልኩት ሽቦ ይህ ነው። ኤሌክትሮኖች ከዒላማው ሲያመልጡ ዒላማው ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ያን ለመሙላት ከመሬት በመያዣው በኩል ጅረት ይሮጣል። መያዣው አንቴና ይሆናል፤ በጊጋኸርዝ የሚለካ ኃይለኛ የኤሌክትሮማግኔት ምት ክፍሉን ይሞላዋል። ኮምፒውተር ይዘጋል፣ ሞተር ይቆማል፣ ኦሲሎስኮፕ የሌለ ነገር ያሳያል። አስቡት፤ የረብሻው ምንጭ የምትለኩት ራሱ ኤሌክትሮን ነው። ብዙ ባመለጠ ቁጥር መሣሪያችሁ ይበልጥ ይታወራል።

እኔ ይህን የተማርኩት በውድ ዋጋ ነው። በአንድ ላብራቶሪ ከፋራዳይ ኩባያ የሚመጣ የሚያምር ምልክት ነበረን። ቅርጹ በየምቱ ይደጋገማል፣ ሌዘሩ ሲበረታ ይበረታል። ሁለት ሳምንት ሰበሰብን። አንድ ቀን ኩባያው ፊት ወፍራም ብረት ተረስቶ ቀረ። ተኮስን። ምልክቱ እንዳለ መጣ። ኤሌክትሮን ሊያልፍ በማይችልበት ሁኔታ ያው ምልክት። ሁለት ሳምንት ስንለካ የነበረው ኬብላችን ላይ ያረፈውን ረብሻ ነው። ሁሉንም ጣልነው። የዚያን ቀን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ ደንቤ ግልጽ ነው። ከ10¹⁸ ዋት በካሬ ሴንቲሜትር በላይ ለሚሠራ ሌዘር ዋናው መለኪያ ሽቦ የሌለው ይሁን፤ ኢሜጅ ፕሌት፣ ፊልም፣ ወይም በሩቅ ካሜራ የሚታይ ስክሪን። ኩባያም ሆነ ቀለበት መጠቀም ካለባችሁ ድርብ መከላከያ ያለው ኬብል፣ በብረት ሳጥን ውስጥ የተዘጋ ኦሲሎስኮፕ፣ ከተቻለም ምልክቱን በኦፕቲክ ፋይበር ማውጣት ያስፈልጋል።

የማይወጡትስ?

አንዳንዴ የምንፈልጋቸው ኤሌክትሮኖች ጭራሽ አይወጡም። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ብሔራዊ የማቀጣጠያ ተቋም ታኅሣሥ 5 ቀን 2022 በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2.05 ሜጋጁል ሌዘር አስገብቶ 3.15 ሜጋጁል የፊውዥን (አተሞች ሲዋሃዱ የሚወጣ) ጉልበት አገኘ። እንዲህ ባለው ሥራ ፈጣን ኤሌክትሮኖች ጠላት ናቸው። ነዳጁን ያለ ጊዜው ያሞቁታል፣ የሞቀ ነገር ደግሞ ለመጭመቅ ያስቸግራል። እነሱን በኩባያ መያዝ አይቻልም፤ ተግባራቸውን የሚፈጽሙት እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ሲቆሙ የሚያወጡት ኤክስሬይ በተለያዩ ማጣሪያዎች ተለክቶ ብዛታቸውና ሙቀታቸው ይገመታል። ለጠጣር ወፍራም ዒላማ ይህ መንገድ ከማግኔት ጋር ጎን ለጎን ቢሄድ እመርጣለሁ። ማግኔቱ ያመለጡትን ይነግራችኋል፣ ኤክስሬዩ የቀሩትን።

የናኖሰከንድ ፕላዝማ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሮን እፍጋት ብቻ ከፈለጋችሁ ደግሞ ኤሌክትሮን ማሳደዱን ተዉት። ብርሃኑን በየቀለሙ ከፋፍሎ በሚያሳየው በስፔክትሮሜትር አንብቡ። የብርሃን መስመሮቹ በኤሌክትሮኖቹ ብዛት ይሰፋሉ፤ ስፋታቸው እፍጋቱን ይናገራል። በ2012 ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ ተሽከርካሪ ኪዩሪዮሲቲ በሌዘር የድንጋይን ማንነት የምታውቀው እስከ 7 ሜትር ርቀት ከፕላዝማው የሚመጣውን ብርሃን አንብባ ነው።

እኔ ብሆን

በኤንዲ ያግ ለሚሠራ፣ በጀቱ ጠባብ ለሆነ ተማሪ፦ ቶርኖ ቤት የተሠራ ኩባያ፣ ከፊቱ መረብ፣ ከጎኑ የላንግሙየር ፕሮብ። ሁለቱ አብረው በአንድ ምት ይለኩ።

በቀን ጥቂት ምት ብቻ ለሚተኩስ ኃይለኛ ሌዘርና ለጠጣር ዒላማ፦ ቋሚ ማግኔት ከኢሜጅ ፕሌት ጋር። በዒላማው ዙሪያ ፊልም ወይም ተጨማሪ ፕሌት ለአቅጣጫ። ቢያንስ አንድ የኤክስሬይ መለኪያ።

በሰከንድ ለሚተኩስ ሌዘርና ለጋዝ ዒላማ፦ ማግኔት ከላኔክስ ጋር፣ ከማግኔቱ በፊት ቀለበቱ። ስክሪኑ ከወር ወር እየደከመ ሊሄድ ስለሚችል አልፎ አልፎ አንድ ኢሜጅ ፕሌት አጠገቡ አድርጋችሁ አመሳክሩ።

ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነና የሌዘራችሁ ጥንካሬ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ማግኔቱን ግዙ። ስክሪኑ በኋላ ይመጣል፣ ፕሌቱን ከራጅ ክፍል መዋስም ይቻል ይሆናል።

ማንኛውንም ብትመርጡ፣ የመጀመሪያው ቀን ለባዶ ምት ይሁን። ዒላማውን አውጥታችሁ ተኩሱ። ከዚያ ዒላማውን መልሳችሁ የመለኪያውን አፍ በወፍራም ብረት ዘግታችሁ ተኩሱ። ማግኔት ካላችሁ ደግሞ ገልብጡት፤ ሰሜኑን ወደ ደቡብ። ኤሌክትሮን በሚታጠፍበት ጎን የነበረው ምልክት ወደ ሌላኛው ጎን ከተሻገረ ኤሌክትሮን ነው። ካለበት ካልተነቃነቀ ወደ ኬብሉና ኤክስሬይ ወደሚያግደው የእርሳስ ብረት ከለላ ተመለሱ።